ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱስ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ ቀላል መስሎኝ ነበር። ምላሹ 31 ደረሰ፤ መሃል ላይ ጠብ ተነሳ፤ አወያዩም ገብቶ ገላገለ። አሁን አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ማንበብ ይታክተዋል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር በየቁጥራቸው ላስቀምጠው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። የራሴን አስተያየት ጣል ጣል ማድረጌ ግን አልቀረም። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ነገሩ ወዲህ ነው። ለሥራ ጉዳይ ለ9 ቀን ከቤት ወጣሁ። ማረፊያ ስይዝ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዋይፋይ አለ ወይ? አለ ተባልኩ። ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ስልኬን አየሁ። እውነትም አለ፤ ምልክቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የቪዲዮ ስብሰባ ገባሁ። አራት ደቂቃ አልቆየሁም። አለቃዬ ስለ በጀት እያወራ አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደረቀ። ድምፁ ትንሽ ተንገጫገጨና ጠፋ። ለማስረጃ ብዬ ስክሪንሾት አነሳሁ። ከዚያ ላፕቶፑን ታቅፌ ኮሪደር ወጣሁ። መስኮቱ ላይ አስደገፍኩት። በመጨረሻ አልጋው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ምልክቱ አሁንም ሙሉ ነው። ስብሰባው እኔ አልጋ ላይ እንደቆምኩ አለቀ።

ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት የማይኖረው ለምንድን ነው? ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሰውስ በምን ይተማመን?

ምላሽ 1

ረጋ ያለ ሰው ነው። ከሰላምታ ጀምሮ «እርስዎ» እያለ ነው ያናገረኝ። ያ ምልክት የሚለካው በስልኬና በራውተሩ መካከል ያለውን ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ቀጭን ይሁን፣ የተጨናነቀ ይሁን፣ ጭራሽ የተቆረጠ ይሁን፣ ምልክቱ ይህን አያውቅም። ቧንቧው ደጅ ድረስ ስለመጣ ብቻ ውሃ አለ እንደማይባል ሁሉ ነው። ከ31ዱ አንዱን ብቻ አንብብ ብባል ከምመርጣቸው ሁለቱ አንዱ ይህ ነው። የዚያን ዕለት ግን ነገሩ አልገባኝም። የገባኝ 29ኛው ላይ ስደርስ ነው።

ምላሽ 2

ዳታ እንድገዛ በሦስት ቃል መክሮኝ ሄደ። ተመልሶም አልመጣ።

ምላሽ 3

1ኛውን ደግፎ መፈተሻ ጨመረበት። ላፕቶፕ ላይ ፒንግ የምትባለውን ትዕዛዝ መጀመሪያ ወደ ራውተሩ አድራሻ መላክ ነው። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ቀጥሎ ወደ ውጭ፣ ለምሳሌ ወደ ጉግል አድራሻ 8.8.8.8 መላክ። ራውተሩ በጥቂት ሚሊሰከንድ እየመለሰ ውጭው ዝም ካለ ጥፋቱ የስልኬም የግድግዳውም አይደለም። ራውተሩ ራሱ እየተንተባተበ ከመለሰ ግን ችግሩ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ቦታ መቀየር ይጠቅማል። ይህን ባውቅ ኖሮ አልጋ ላይ አልወጣም ነበር።

ምላሽ 4

ስለ ሞገድ የሚያውቅ፣ ማወቁንም የሚያውቅ ሰው ነው። ረዥም ጻፈ። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ይላል፣ መንገዱም ጠባብ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ፎቅ ሙሉ ራውተር ካለ ሁሉም በእነዚህ ሦስት መንገዶች ላይ ይጋፋል። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ ኩሽና አጠገብ ያለ ክፍል ደርሶኝ በምሳ ሰዓት ኔትወርኩ ቢንገዳገድ እንዳይገርመኝ አስጠነቀቀኝ። ከዋይፋዮቹ ስም ውስጥ መጨረሻው ላይ 5ጂ የሚል ካየሁ እሱን እንድይዝ መከረኝ። የሞባይሉ አዲሱ 5ጂ ስለሆነ ፈጣን ነው ብሎም ጨመረ።

ምላሽ 5

እዚህች ላይ ያዘው። የራውተሩ 5ጂ ጊጋኸርዝን እንጂ አምስተኛውን የሞባይል ትውልድ አያመለክትም፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። 4ኛው መልስ አልሰጠም። ጽሑፉን ግን ገብቶ አስተካከለ። ይህን ወደድኩለት።

ምላሽ 6

አንዲት ተሳታፊ የደረሰባትን አጫወተችን። የመመረቂያ ጽሑፏን ልትልክ የቀራት አንድ ሌሊት ነው። ያረፈችበት ሕንፃ ራውተሩ የተሰቀለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ከደረጃው በላይ ነበር። ክፍሏ ውስጥ ምንም አይከፍትም። ትራሷን ይዛ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለካ ብቻዋን አልነበረችም፤ ከእሷ በታች አንድ፣ ከእሷ በላይ ሁለት ሰዎች ላፕቶፕ ታቅፈው ተቀምጠዋል። የደረጃው መብራት ደግሞ እንቅስቃሴ ካላየ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት ነው። በየሁለት ደቂቃው ጨለማ ይሆናል። ከአራቱ አንዱ ቀና ሳይል እጁን ያወዛውዛል፤ መብራቱ ይበራል። ማንም ከማንም አልተነጋገረም። ተራው ግን ሳይዛነፍ ሲዞር አደረ። ፋይሏ 94 በመቶ ላይ ሲደርስ ተራው የእሷ ነበር።

ክሩ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ደጋግሜ የሳቅኩበት ይህ ነው።

ምላሽ 7

የእኔን ጥያቄ ትቶ የራሱን አመጣ። ዋይፋዩ ይያዝለታል፤ ስምና የክፍል ቁጥር የሚሞላበት ገጽ ግን አይመጣለትም። ምን ይሻላል?

ምላሽ 8

ጥሩ መልስ አገኘ። እንዲህ ያለው ዋይፋይ መጀመሪያ የምትከፍተውን ገጽ ጠልፎ በምትኩ የራሱን መግቢያ ያሳያል። አሁን ግን ድረ ገጹ ሁሉ ማለት ይቻላል ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም የተመሰጠረ ነው፤ ጠለፋውን ብሮውዘሩ አይቀበልም። ስለዚህ ነው ነጭ ገጽ ወይም ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚታየው። መላው ኤስ የሌለበት፣ በኤችቲቲፒ ብቻ የሚጀምር አድራሻ መክፈት ነው። አልሆን ካለ የራውተሩን አድራሻ በቀጥታ መጻፍ። አሁንም እምቢ ካለ ስልኩ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚባለው በርቶ እንደሆነ አይቶ ለጊዜው ማጥፋት።

ምላሽ 9

ከዚህ ላይ ቪፒኤንን፣ ማለትም ትራፊክህን መስጥሮ በሌላ ኩባንያ በኩል የሚያሳልፈውን መተግበሪያ ጨመረ። የእሱ ስልክ ቪፒኤኑ ሁልጊዜ እንዲበራ የተደረገ ነው። ቪፒኤኑ ኢንተርኔት እስኪመጣ ይጠብቃል። ኢንተርኔቱ መግቢያ ገጹ እስኪሞላ ይጠብቃል። ገጹ ደግሞ ቪፒኤኑ ካልጠፋ አይመጣም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አንድ ሙሉ ምሽት እንዲህ ከዞረ በኋላ ነው የገባው። መጀመሪያ ማጥፋት፣ ገጹን ሞልቶ መግባት፣ ከዚያ ማብራት።

ምላሽ 10 እና 11

10ኛው ሁለት መሣሪያ ብቻ በሚፈቀድበት ቦታ ስልኩ በየጊዜው እንደ አዲስ እንግዳ እየተቆጠረ ከኮታው ውጪ እንደሆነ አማረረ። ማረፊያዎቹ ሆን ብለው ሰውን ለማንገላታት የሚያደርጉት እንደሆነም እርግጠኛ ነበር።

11ኛው ነገሩ ሴራ እንዳልሆነ ነገረው። ስልኮች የዋይፋይ መለያ ቁጥራቸውን መደበቅ ጀምረዋል። አንድሮይድ ከ10ኛው እትም፣ ከ2019 ጀምሮ፣ አይፎን ደግሞ ከአይኦኤስ 14፣ ከ2020 ጀምሮ ለየዋይፋዩ የተለያየ የፈጠራ ቁጥር ይሰጣሉ። ይህ የሆነው ሰው ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ማንም እንዳይከታተለው ነው። ዋይፋዩን ከስልክህ አጥፍተህ እንደገና ስትይዘው ቁጥሩ ተቀይሮ እንደ ሌላ ስልክ ልትቆጠር ትችላለህ። ለዚያ አንድ ዋይፋይ ብቻ መደበቂያውን ማጥፋት ይቻላል። መሣሪያ የሚበዛበት ሰው ደግሞ ትንሽ የጉዞ ራውተር ቢይዝ እሷ እንደ አንድ እንግዳ ትገባለች፤ የቀረው ቤተሰብ ከኋላዋ ይሰለፋል።

ምላሽ 12

ጠቡ የተጀመረው እዚህ ነው። አንድ ሰው መጥቶ ሁላችንንም ገሠጸ። ሕዝብ የሚጠቀምበት ዋይፋይ ላይ የሚገባ ሰው ቤቱን ከፍቶ እንደተኛ ነው፤ የባንክ ሂሳቡ በደቂቃ ባዶ ይሆናል። አንድም ሰው እንዳይገባ። ነጥብ።

ምላሽ 13

መጀመሪያ ላይ በአክብሮት ነው የጀመረው። ያ ስጋት በጊዜው እውነት እንደነበር ተቀበለ። በ2010 ፋየርሺፕ የምትባል የብሮውዘር ተቀጥላ ወጥታ፣ ክፍት ዋይፋይ ላይ ጎንህ የተቀመጠው ሰው አካውንት ውስጥ በአንድ ክሊክ ለመግባት ታስችል ነበር። ብዙ ድረ ገጾች ያኔ ከመግቢያው በኋላ አይመሰጥሩም ነበርና ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ዓለም ተለውጧል። ከ2015 ጀምሮ የምስጠራ ሰርተፊኬት በነፃ የሚሰጥ ተቋም መጣ፤ ባንኩም ኢሜይሉም የውይይት መድረኩም ተመሰጠረ። ጎንህ የተቀመጠው ሰው የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈትክ ሊያይ ይችል ይሆናል፤ ውስጡ የጻፍከውን ግን አያይም። እስከዚህ ጥሩ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን 12ኛው ከ15 ዓመት በፊት እንቅልፍ ወስዶት አሁን ገና የነቃ ይመስላል ብሎ አበላሸው።

ምላሽ 14

«እርስዎ» ጠፋ። 12ኛው በ«አንተ» ተመለሰ። 13ኛው ስለማያውቀው ነገር አፉን ሞልቶ እንደሚያወራ ነገረው። የማረፊያውን ስም የሰጠ ሐሰተኛ ዋይፋይ ማንም ሰው በኪሱ ይዞ ሊከፍት እንደሚችል፣ ስልኩም ድሮ የሚያውቀው ስም ስለሆነ ብቻ ዘሎ እንደሚገባ አስታወሰው። እውነቱን ለመናገር ይህች ነጥብ የእሱ ናት። ቁጣው ሸፈናት እንጂ።

ምላሽ 15

ነዳጅ ይዞ መጣ። የይለፍ ቃል ያለው ዋይፋይም ቢሆን እንደማያስተማምን ለማሳየት ክራክን አነሳ። በ2017 ማቲ ቫንሆፍ የተባለ ተመራማሪ ደብሊውፒኤ2 በሚባለው የዋይፋይ ምስጠራ ላይ ያገኘው ክፍተት ነው፤ በጊዜው በዋይፋይ የሚሠራውን መሣሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል ነክቷል። እውነት ነው። ክፍተቱ በአፕዴት መደፈኑን፣ በዓመቱም ደብሊውፒኤ3 መውጣቱን ግን አልጻፈም።

ምላሽ 16

አወያዩ ነው። ሁለት መልዕክት አጠፋ፤ ሰው በሰውነቱ እንዳይሰደብ አስጠነቀቀ፤ ጥያቄው ስለ ስብሰባ መቋረጥ እንደነበር አስታወሰን።

ምላሽ 17

ሁለቱንም ያበረደው ይህ ነው። 12ኛውም 13ኛውም ከፊል እንዳላቸው ጠቅሶ በተግባር ምን እንደሚደረግ ዘረዘረ። ስልክ ያገኘውን ዋይፋይ በራሱ እንዳይይዝ ማድረግ። ጉዞ ሲያበቃ የያዝካቸውን ስሞች ከስልክ ማጥፋት። ብሮውዘር ስለ ሰርተፊኬት ካስጠነቀቀ ገጹን መዝጋት፤ ቀጥል የሚለውን በጭራሽ አለመንካት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የይለፍ ቃል ምስጢር አይደለም፤ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ደብሊውፒኤ2 ላይ የሌላውን ግንኙነት ገና ሲጀምር ከያዘው ሊፈታው ይችላል። ባለቤቱ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ደግሞ የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም። ትራፊክህን ከማታውቀው የማረፊያ ቤት ወስደህ ለማታውቀው ኩባንያ መስጠት ነው። 13ኛው አመሰገነ። 12ኛው ከዚያ በኋላ ክሩ ላይ አልታየም።

ምላሽ 18፣ 19 እና 20

እዚህ ከመንገድ ወጣን። 18ኛው ስለ ዋይፋይ ስናወራ ፈጣሪዋን ተዋናይቷን ሄዲ ላማርን አለማንሳታችን አሳዘነው።

19ኛው አረመው። ሄዲ ላማር ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር በ1942 ፓተንት ያገኘችው በሬዲዮ የሚመራ ቶርፒዶ እንዳይታወክ ድግግሞሹን የሚያዘልል ዘዴ ላይ ነው። በ1997 የወጣው የመጀመሪያው የዋይፋይ መስፈርት፣ 802.11፣ ማዝለልን እንደ አንድ አማራጭ ይዞ ነበር። ከ1999 ወዲህ የመጣው ዋይፋይ ግን አይጠቀምበትም፤ እየዘለለ የሚሠራው ብሉቱዝ ነው። ከዋይፋይ ጋር በቅርብ የሚነሳው በአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲኤስአይአርኦ የነጆን ኦሱሊቫን ሥራ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከሬዲዮ አስትሮኖሚ የመጡ ሰዎች ናቸው።

20ኛው ዋይፋይ የሚለው ስም የምንም ምህጻረ ቃል እንዳልሆነ ነገረን። በ1999 የስም አውጪ ድርጅት ተቀጥሮ ያወጣው ስም ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለእኔ ስብሰባ ግን ምንም አልፈየደም።

ምላሽ 21

ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ ለመነ። እግዜር ይስጠው።

ምላሽ 22

2ኛው በሦስት ቃል ያለውን ይህች ሴት በሦስት አንቀጽ አለችው። ከቤት ውጭ የምትሠራ ሰው ናት። ያስታውቃል። የሰው ዋይፋይ ለማንበብና ለማውረድ ይሁን፤ ለስብሰባ ግን የራስህን ሆትስፖት ያዝ ነው ነገሯ። ሆትስፖቱን በዋይፋይ ከምትከፍተው በዩኤስቢ ገመድ አገናኘው። ላፕቶፑ ስልኩን ቻርጅ ያደርገዋል፤ አየሩም አይጨናነቅም። ብሉቱዝ ባትሪ ይቆጥባል፤ ፍጥነቱ ግን ለጽሑፍ ካልሆነ አይበቃም። አይፎን ሆትስፖቱን አሮጌ ላፕቶፕ ካላየው ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ማብራት፤ ወደ 2.4 ይወርድለታል።

ስልኩ የት እንደሚቀመጥም ነገረችን። መስኮት ዳር። ዘመናዊ መስታወት ሙቀት እንዳያሳልፍ ስስ የብረት ሽፋን ካለው የሞባይሉንም ሞገድ ይይዘዋል፤ ስለዚህ መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ብቻ ልዩነት ያመጣል። ገመዱ ረዥም ይሁን ያለችውም ለዚህ ነው። ስልኩ መስኮቱ ላይ፣ አንቺ ጠረጴዛሽ ላይ። ቀላል ነው። እኔ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ምላሽ 23

22ኛዋን ሰምቶ የተቃጠለ ሰው ነው። ሆትስፖት ከፍቶ ተኛ። ላፕቶፑ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ ሌሊቱን አፕዴት ሲያወርድ፣ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን አደረ። ጠዋት ጥቅሉ ባዶ። ዊንዶውስ ላይ ያንን ግንኙነት ሚተርድ፣ ማለትም ዳታው የሚቆጠር ብሎ መመዝገብ እንደሚያስፈልግ የተማረው ያን ቀን ነው። ቪዲዮ በኤችዲ ማየት በሰዓት 3 ጊጋባይት ገደማ እንደሚበላም በዚያው ደረሰበት።

ምላሽ 24 እና 25

24ኛው ድንበር ለሚሻገር ሰው ኢሲምን፣ ማለትም በካርድ ፋንታ በኢንተርኔት የሚጫነውን ሲም አወደሰ። የቤቱ ሲም ከቀፎው ሳይወጣ የሌላ አገር ዳታ ይጨመርበታል፤ የቤቱ ሲም እዚያ አገር የሚሠራ ከሆነ ጥሪና የባንክ ኮድ በድሮው ቁጥር መግባቱን አያቆምም። ከ2018 ወዲህ አይፎንም ይቀበለዋል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከሰኔ 2017 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች የሮሚንግ ጭማሪ ስለቀረ ያን ያህል አያስፈልገውም ብሎም ጠቆመ።

25ኛው እየሳቀ፣ ወይም እያለቀሰ፣ አንዲት የተረሳች ነገር አነሳ። ኢሲም ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። እሱ የገዛው ከአውሮፕላን ከወረደ በኋላ ነው። የኤርፖርቱ ዋይፋይ መግቢያ ኮድ በኤስኤምኤስ ይልካል። ኤስኤምኤሱ የሚመጣበት ሲም ደግሞ እዚያ አገር አይሠራም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው። ኢሲሙ ቤት ሳሉ፣ በራስ ዋይፋይ ይጫን፤ እዚያ ሲደርሱ ማብራት ብቻ ይቅር።

ምላሽ 26

ከመርከብ ጉዞ የተመለሰ ሰው ነው። መርከቡ በሳተላይት የሚሠራ የራሱ የሞባይል ኔትወርክ አለው፤ ስልኩ ሳይጠይቅ ይይዘዋል። ሂሳቡ የመጣው ቤት ከገባ በኋላ ነው። መሬት ሲርቅ ኤርፕሌን ሞድ፣ ከዚያ ዋይፋዩን ብቻ ለይቶ ማብራት።

ምላሽ 27

ሆትስፖት ራሱ የማይሠራበት ቦታ እንደገጠመው ጻፈ፤ ሆን ተብሎ ታግዶ እንደሆነ ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም። በ2014 የአሜሪካው የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ ማሪዮት ሆቴል ናሽቪል ውስጥ በሚገኝ የስብሰባ ማዕከሉ የእንግዶችን የግል ሆትስፖት በማቋረጡ 600,000 ዶላር አስከፍሎታል። ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር ይህ ሕገወጥ እንደሆነ ግልጽ ሆኗል። በዩኤስቢ ገመድ የተገናኘ ስልክ ግን እንዲህ ያለው እገዳ አያገኘውም፤ የሚቋረጥ ዋይፋይ የለውማ። 22ኛዋ እዚህም ልክ ሆነች።

ምላሽ 28

ሁለት ነገር በአንድ ላይ ጨመቀ። አንደኛው ለተማሪና ለመምህር ነው፤ ኤዱሮም። በራስህ ዩኒቨርሲቲ መለያ ከ100 በላይ አገሮች ባሉ ካምፓሶች ዋይፋይ ይከፍትልሃል። ከቤት ሳይወጡ ማስተካከል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ስለ አውሮፕላን ዋይፋይ ነው። ድሮ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ከተንጠለጠለ ሳተላይት ነበር። ጥያቄህ ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ ሲመጣ፣ በብርሃን ፍጥነትም ቢሆን ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ኢሜይል ይሄዳል፤ ወሬ ግን እርስ በርስ ይጋጫል። እንደ ስታርሊንክ ያሉት 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚበሩ ይህ መዘግየት አብዛኛው ጠፍቷል።

ምላሽ 29

ቅድም ከምመርጣቸው ሁለቱ ያልኩት ሌላኛው ይህ ነው። የጻፈችው ማረፊያ ቤት የምታስተዳድር ሴት ናት። በእንግዳ በኩል ያለውን እሮሮ ስታነብ ቆይታ ነው የገባችው። ዋይፋይ አለ ወይ ተብላ ስትጠየቅ አለ ትላለች፤ አለና። ማንም ከዚያ አልፎ ጠይቋት አያውቅም። ወደ ውጭ የሚሄደው መስመር ስንት ነው፣ ማታ ሁሉም ሲገባ ስንት ይቀራል፣ የሚላከውስ? ብዙ መስመር ለማውረድ ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ተደርጎ ነው የሚሸጠው። እንግዳ የሚያየው የማውረዱን ቁጥር ነው። የቪዲዮ ስብሰባ ግን ፊትህን መላክ አለበት፤ ለዚያ በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ሜጋቢት ይፈልጋል። አሥር ክፍል አንድ ላይ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን ያቺ ጠባብ በር ትዘጋለች። የሚወርደውም አብሮ ይንቀራፈፋል።

ስለዚህ ጠይቁን አለች። የሚሰጣችሁ ክፍል ውስጥ ገብተን፣ ማታ፣ የፍጥነት መለኪያ ከፍተን ስክሪንሾት እንድንልክላችሁ። የሚያስቸግር ጥያቄ አይደለም። የማይልክ ቤት ደግሞ በዚያው መልሱን ሰጥቷችኋል።

የ1ኛው ቧንቧ ያኔ ገባኝ። እኔ ስጠይቅ የኖርኩት ቧንቧው አለ ወይ እያልኩ ነው።

ምላሽ 30

ዘጠኝ ቀን ስልክ ዘግቶ መክረም የማይችል ትውልድ መሆናችንን ነቀፈ። እኔ ሥራ ላይ እንደነበርኩ ያነበበ አይመስለኝም። ሦስት ሰው በአውራ ጣት ደገፈው።

ምላሽ 31

አለቃዬ ያንን ስክሪንሾት አይቶት እንደሆነ ጠየቀ።

የእኔ መልስ

ከወር በኋላ እንደገና ወጣሁ፤ ሌላ ቦታ። በ29ኛዋ ምክር ጠየቅኳቸው። ስልኩን ያነሳው ልጅ አፕሎድ የሚለውን ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ማታ ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ለክቶ ላከልኝ። ማውረጃው 22 ሜጋቢት፣ መላኪያው 0.8። አመሰግኜው ያዝኩት፤ ቢያንስ አውቄ ነው የምገባው። ሁለት ሜትር የዩኤስቢ ገመድ ገዛሁ። ስልኩ መስኮቱ ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ። ስድስት ስብሰባ ገብቼ አንዴ ብቻ ተቋረጠ፤ እሱም ገመዱን በእግሬ ጠልፌው ነው።

ስክሪንሾቱን በተመለከተ፦ ስመለስ ለአለቃዬ አሳየሁት። አልሳቀም። ስልኩን አወጣና ፈለግ ፈለግ አድርጎ ወደ እኔ አዞረው። ለካ በእሱም በኩል ያን ዕለት እኔው ደርቄ ነበር። እሱም አንስቶኛል። አልጋ ላይ የቆምኩ መሆኔ ከኋላዬ ባለው ኮርኒስ ያስታውቃል፤ ዓይኔ ተጨፍኗል፤ አፌም ክፍት ነው።